የግቢያችን ዮርዳኖስ

ሐምሌ በገባ በሳምንቱ እናቴ ግቢ ውስጥ አንዲት ኩሬ ትወለዳለች። ቦታዋን ስታ አታውቅም። ከውጭው በር እስከ ቤቱ ደጃፍ ለመኪና መግቢያ ብለን ያነጠፍነው ኮብልስቶን ላይ፣ ከማዕድ ቤቱ ግድግዳ ሁለት ክንድ ያህል ራቅ ብላ፣ መጀመሪያ የሰፌድ ያህል ሆና ትታያለች። ፍልሰታ ሲያዝ ውሻችን ሳይቀር ቆም ብሎ አስቦ በዳር ይዞራታል። ጎረቤቶቻችን ስም አውጥተውላታል፤ «ዮርዳኖስ» ይሏታል። «ዘንድሮም ዮርዳኖስ ሞላ?» ይሉኛል ጠዋት ስወጣ። እኔም እስቃለሁ። ምን ላድርግ?

ቀልዱ የተወረወረው ለእኔ ነው፤ አስጎብኚ ነኝ። ላሊበላን ላላየ ሰው፣ ዮርዳኖስ ማለት ሁለቱን የውቅር አብያተ ክርስቲያናት ምድብ የሚለየው፣ ከአለት የተፈለፈለው፣ የድንጋይ መስቀል የቆመበት ቦይ ነው። በጋውን ደርቆ ይከርማል፤ ክረምት ሲገባ ከዳገቱ የሚወርደውን ጎርፍ ተቀብሎ ቁልቁል ይሸኛል። ያኛው ዮርዳኖስ ውሃ ያስወጣል። የእኛው ያስቀምጣል።

ይህን የውሃ ነገር ስንት ጊዜ እንዳወራሁት እግዜር ይቁጠረው። እንግዳ ይዤ ቤተ ማርያም ግቢ ስደርስ የምሠራት አንዲት ዘዴ ነበረችኝ። ዓመተ ምሕረቱንና የንጉሡን ታሪክ ሳወራ ሰው ይደክመዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ ቅርሶች አንዱ ነው ስል ራሱን ነቅንቆ ካሜራውን ያስተካክላል። ያኔ የያዝኳትን የፕላስቲክ ውሃ ከፍቼ ወለሉ ላይ ጠብ አደርጋለሁ። «እዩዋት» እላለሁ። ሜዳ በሚመስለው ድንጋይ ላይ ጠብታዋ ለአፍታ ታመነታና መንገዷን ይዛ ትሄዳለች። ፈረንጆቹ ያጨበጭባሉ። እኔም ትምህርቴን እቀጥላለሁ፦ እነዚህ ሰዎች ከታች ወደ ላይ አልገነቡም፤ ከላይ ወደ ታች ጠረቡ እንጂ። ቀድሞ የተወለደው ጣራው ነው፤ ወለሉ ገና አለት ውስጥ ነበር። እየጠረቡ ሲወርዱ የሚቆፍሩት ጉድጓድ ነው፤ ክረምት ደግሞ በየዓመቱ ይመጣል። የውሃውን መውጫ ቀድመው ካላሰቡ ሥራው ኩሬ ይሆንባቸዋል። የቤተ ጊዮርጊስን ጣራ እዩ፤ ከላይ ቆሞ የሚያይ ሰው መስቀሉን ያደንቃል፣ የውሃ መውረጃውን የሚያይ ጥቂት ነው። እዚህ አገር መጀመሪያ የታሰበው ውሃው ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከዚያ በኋላ ነው።

አቤት ንግግር! ይህን ያህል ዘመን የሰው ግቢ ውስጥ ውሃ ጠብ ሳደርግ፣ የራሴ ግቢ ላይ አንዲት ጠብታ አፍስሼ አላየሁም።

የግቢያችን ነገር የሆነው በኅዳር 2011 ዓ.ም. ነው። ዘመኑን ለማስታወስ ያህል፣ በዚያው ዓመት መጀመሪያ የከተማው ሕዝብ ስለ መጠለያዎቹ ሰልፍ ወጥቶ ነበር። በ2000 ዓ.ም. በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አምስት አብያተ ክርስቲያናትን ከዝናብ ይጠብቃሉ ተብለው የተተከሉት አራት መጠለያዎች ለጊዜው የተባሉ ናቸው፤ ጊዜው ግን አለፈ፣ ክብደታቸውና ነፋሱ ራሱ አሳሳቢ ሆነ። እኔም ሰልፉ ውስጥ ነበርኩ። ድምፄ እስኪዘጋ ጮኼአለሁ። ውሃ ድንጋይን እንዴት እንደሚበላ፣ ሲዘገይ ጥገናው እንዴት እንደሚከብድ አጠገቤ ለቆመ ሁሉ ሳስረዳ ዋልኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ እግሬን ታጥቤ ተኛሁ።

እንግዳው በዝቶ ነበር። እናቴ ግቢ ውስጥ አራት ክፍል አዘጋጅተን ማከራየት ከጀመርን ሁለት ዓመት ሆኖናል። የሣር ክዳኑን አንስተን ቆርቆሮ አድርገናል። የቀረው መግቢያው ነበር፤ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ። የእንግዳ መኪና አቀበቱ ላይ ሲንሸራተት ማየት ያሳፍረኝ ነበር። ለገና ኮብልስቶን እናንጥፍ አልኩ። እናቴም እሺ አለች። ድንጋዩ ተጭኖ መጣ፤ ጥቁር፣ እኩል የተጠረበ፣ የጡጫ ያህል የሚሆን። በሩ ላይ ተከምሮ ሳየው ልቤ ሞቀ።

ቤታችን ተዳፋት ላይ ነው። ላሊበላ ውስጥ ተዳፋት ላይ ያልሆነ ቤት የት አለና! ሰው እዚህ ግቢ የሚያገኘው ከላይ በኩል ቆርጦ፣ ታች በኩል ካብ ክቦ፣ መካከሉን ሞልቶ ነው። የእኛንም አባቴ የሠራው እንደዚያው ነው። ከበሩ ስትገባ በግራ በኩል ያለው አለት ነው፣ ዶማ የሚያነጥር። በቀኝ በኩል፣ ወደ ማዕድ ቤቱና ወደ ካቡ ያለው ሙሌት ነው። ምን እንደተሞላ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ልጅ ሆኜ በቅርጫት እየተሸከምኩ የደፋሁት እኔ ነኛ። አመድ፣ የፈረሰ የጭቃ ግድግዳ፣ የአተላ ዝቃጭ፣ የተሰበረ እንስራ፣ እብቅ። ሠላሳ ዓመት ተረግጦ ጠንካራ መሬት መስሏል። መስሏል ነው ያልኩት።

አጎቴ የመጡት ድንጋዩ በወረደ በማግሥቱ ነው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ በበጋ ግንበኛ፣ በክረምት ገበሬ። ማንም አልጠራቸውም። ገና ከበሩ ሳይገቡ ቆመው ግድግዳውን ማየት ጀመሩ፤ ድንጋዩን አይደለም፣ ግድግዳው ግርጌ ላይ ያለፈው ክረምት ጎርፍ የተወውን የጭቃ መስመር። በዘንጋቸው ሙሌቱን ወጋ ወጋ አደረጉት። በግራ በኩል «ቀው» ይላል፤ በቀኝ በኩል ዘንጉ እስከ አንድ ስንዝር ገባ።

«አንተ ልጅ፣ ድንጋዩን ምን ላይ ልታስቀምጠው ነው?» አሉኝ።

«አሸዋ ይነሰነስለታል፣ አጎቴ።»

«አሸዋውንስ ምን ላይ?»

መልስ አልነበረኝም። ፈገግ አልኩ።

በማግሥቱ ጥቅልል የላስቲክ ቱቦ ይዘው መጡ። ውሃ ልክ ናት፤ ግንበኛ ሁሉ የሚያውቃት፣ ውስጧ የሚታይ፣ አሥራ አምስት ሜትር የምትሆን ቱቦ። ውሃ ሞሏት፤ ከዚያ ግን ወዲያው ሥራ አልጀመሩም። ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታቸው እየደበደቡ፣ እያነሱ እየጣሉ፣ ውስጧ የቀረችውን እያንዳንዷን አረፋ አባረሩ። ይህ ብቻ ሩብ ሰዓት ያህል ወሰደ። «አየር የገባባት ውሃ ልክ የሐሰት ምስክር ናት» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለቱቦዋ የሚነግሩ ይመስል። አንዱን ጫፍ ለእኔ አስያዙኝና በሩ ላይ አቆሙኝ፤ ሌላውን እሳቸው ይዘው ማዕድ ቤቱ ግድግዳ ጋ ሄዱ። ውሃው በሁለታችን መካከል ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ብሎ ሊረጋ ሲል ስልኬ ጮኸ።

አዲስ አበባ ያለ አስጎብኚ ድርጅት ነው። ለገና አሥራ አራት ሰው አለን፣ አራቱንም ክፍል እንይዛለን፣ መኪናው ግቢ ይገባል ወይ? «ይገባል!» አልኩ። እጄን ሳወራጭ ጫፉ ዝቅ አለ፤ ውሃው ጫማዬ ላይ ተንዠቀዠቀ። አጎቴ ከወዲያ ማዶ አንድ ቃል አልተናገሩም። ሄደው ጀሪካኑን አመጡ፣ እንደገና ሞሉ፣ አረፋውን እንደገና ማባረር ጀመሩ። ያን ሁለተኛ ሩብ ሰዓት እስከ ዛሬ እየከፈልኩት ነው።

መጨረሻ ላይ መስመራቸውን በከሰል አሰመሩ፤ አንዱን በሩ ምሰሶ ላይ፣ አንዱን ማዕድ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ አንዱን ካቡ ላይ። ከመስመሩ ቁልቁል ድንጋዩ የት እንደሚያርፍ እየለኩ ቁጥር ጻፉ። ነገሩን ሲያስረዱኝ እንደ ተረት ቀላል ነበር። ሙሌቱ ይውጣ፤ ዶማ «እምቢ» እስከሚልበት ድረስ። በምትኩ ገረጋንቲ ይግባ፣ አንድ ላይ ተደፍቶ አይደለም፣ አንድ ስንዝር የማይሞላ ውፍረት እየተደረገ፣ ውሃ እየተረጨ፣ እየተጠቀጠቀ። እርጥበቱን በእጃቸው አሳዩኝ፤ ጨበጥ አድርገው ሲለቁት ኳስ ሆኖ ቆመ፣ መዳፋቸው ግን ደረቅ ነው። «ቢፈርስ ጠምቶታል፤ እጅህን ካረጠበ ሰክሯል» አሉ። ከዚያ ዘንበል ይደረግ፤ በየሜትሩ ሁለት ሴንቲ፣ ከማዕድ ቤቱ ወደ ካቡ። በስድስት ሜትር አሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከግማሽ ስንዝር ብዙም አይበልጥም፣ መኪናም ሰውም አይታወቀውም። ውሃ ግን ይታወቀዋል። ካቡ ሥር መውጫ ይከፈት፣ የቆርቆሮው ውሃም ወደዚያው ቦይ ይበጅለት። በቃ። ስምንት ቀን።

«የላስታ ገበሬ ማሳውን ያለ ፈሰስ ይተዋል?» አሉኝ። አይተውም። በክረምት ማሳው ላይ በማረሻ አግድም የሚቀደደውን ፈሰስ ያላየ እዚህ አገር ያደገ ልጅ የለም። ማሳው ገና ለአንድ መኸር ነው፤ ይህ ግን ለዘለዓለም ልናነጥፈው ያሰብነው ነው።

ደግሞ ዕድል ሲሰጥ እንዴት እንደሚሰጥ እዩልኝ። በዚያው ሳምንት ከተማው ዳር የመንገድ ሥራ የነበረው ሰው እኛ ዘንድ ክፍል ተከራይቶ ነበር። አጎቴ ሲለኩ ከበረንዳው ቆሞ አያቸው፤ ሥራቸው ደስ አለው። በእጅ የሚገፋ ኮምፓክተር አስጭኖ አመጣና በሩ ሥር አወረደው። «ሦስት ቀን ሥራ የለውም፣ ተጠቀሙበት፤ ቤንዚኑን ብቻ ቻሉ» አለ። ላሊበላ ውስጥ ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ዕቃ ተከራይቶ ማግኘት በገንዘብም የሚሆን አልነበረም። አዋቂው በእጄ፣ ዕቃው በሬ ላይ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ የኅዳር ሰማይ፣ ገንዘቡ ኪሴ ውስጥ። ከዚህ በላይ አንድ ሰው ምን ይሰጠው?

ልጆቹ መጡ፤ ኮብልስቶን አንጣፊዎቹ። ከመካከላቸው አንዱ በዲግሪ የተመረቀ ነው። በዚያ ዘመን ይህ ቀልድም ነበር፣ ቁስልም ነበር፤ ተመርቆ ድንጋይ የሚያነጥፍ ወጣት በየከተማው ሞልቷል። ጎበዞች ናቸው፤ የጎማ መዶሻቸው ሲያርፍ ዜማ አለው። የሚከፈላቸው ግን በካሬ ነው። ያነጠፉት ይለካል፣ ከሥሩ ያለው አይለካም። በእነሱ አልፈርድም፤ እኔው ነኝ በካሬ ያዋዋልኳቸው። «ይህን ሙሌት ልታስወጣው ነው እንዴ? ጠንካራኮ ነው» አለኝ አንዱ፣ ዘሎ እየረገጠ። «በአራት ቀን እናስረክብሃለን።»

ስምንት ቀን ወይስ አራት? ለገና ወር ተኩል ያህል ነበር የቀረው። ስምንት ቀን ምን ያህል ነው? ዛሬ ስቆጥረው እስቃለሁ። ያን ጊዜ ግን አዲስ አበባ ላሉት ሰዎች ፎቶ ልላክ ብዬ ቸኩያለሁ፤ በሳምንቱ መጨረሻ ልኬ ቀብድ እንዲገባልኝ። አጎቴን ካቡ አጠገብ አገኘኋቸውና፣ ይህንን ዓረፍተ ነገር ከአፌ አወጣሁ፦ «ይብቃ አጎቴ፣ አንቱም አይድከሙ። እንግዳ የሚያየው ድንጋዩን ነው፤ ሥሩን ማን ያየዋል?»

ዝም ብለው ቆዩ። «እንግዳውስ አያየውም» አሉ። «ውሃው ነው እንጂ።» ዘንጋቸውን አንስተው ወጡ። ቱቦዋን ረስተዋት ይሁን ትተውልኝ፣ ምስማር ላይ ተንጠልጥላ ቀረች።

ኮምፓክተሩ ሦስቱንም ቀን በራችን ሥር ቆመ። በሦስተኛው ቀን እናቴ በርበሬ የተሰጣበት ሰፌድ አስቀመጠችበት። ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ እሱ ነበር። ሰውየው ሊያስጭነው ሲመጣ ሰፌዱን ራሱ አንስቶ ለእናቴ ሰጣት፤ እኔን አየኝ፣ ምንም አላለም።

መቸም ሲያምር ማመሩ አይቀርም። አንጣፊዎቹ በአራት ቀን ተኩል ጨረሱ። ለጌጥ ብዬ ደግሞ ከካቡ በኩል ያለውን ጠርዝ በሲሚንቶ የታሰረ ድንጋይ ከፍ አድርጌ አስገጠርኩት፤ እንደ ጥልፍ። መውጫ አልተውኩለትም። አጎቴ በር ክፈትለት ባሉት ቦታ ላይ ግድብ ሠራሁ ማለት ነው። የገና እንግዶች መጡ፤ አሥራ አራቱም። ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያን አድረው፣ የጠዋቱን የቤዛ ኩሉ ዝማሬ ሰምተው ሲመለሱ በነጠላቸው ተጠቅልለው ድንጋዩ ላይ ቆመው ፎቶ ተነሱ። መጋቢት ላይ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን ላሊበላን ሊጎበኙ ሲመጡ ከተማው ሁሉ መጪው ጊዜ ብሩህ ነው ብሎ ነበር፤ እኔም ግቢዬን እያየሁ «ደርሰናል» አልኩ። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው ይባላል። እኔን ግን ውሃው ከመምጣቱ በፊት ነው ያሳሳቀኝ።

ሐምሌ መጣ።

አሁን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ገብቶኛል፤ አስጎብኚ ነኝና ላስረዳችሁ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። መግቢያችን 12 ሜትር በ6፣ 72 ካሬ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ የላስታ የነሐሴ ዝናብ ደግሞ ሲከፋ አይሰስትም፣ ከ2,000 ሊትር በላይ ነው፤ አሥር በርሜል። ላዩ ላይ ከ60 ካሬ ቆርቆሮ የሚወርደውን ዘጠኝ በርሜል ጨምሩበት። የሣሩ ክዳን ውሃውን ጠጥቶ፣ አመንትቶ፣ ጠብ ጠብ እያደረገ ይለቀው ነበር። ቆርቆሮ አያመነታም። ይህ ሁሉ ውሃ መጥቶ መሄጃ ሲያጣ በድንጋዮቹ መጋጠሚያ በኩል ቁልቁል ይሰርጋል። አሸዋውን ይዞ ወደ አመዱ ይወርዳል። አመድ ደግሞ ምን አለው? ልጅ ሆኜ የደፋሁት እብቅ በስብሶ ያለቀበት ቦታ ሁሉ ጉሮሮ ነው፤ አሸዋውን ዋጠ። ድንጋዩ ተቀመጠ። የግራው ወገን አለት ላይ ነውና ንቅንቅ አላለም፤ የቀኙ ሰመጠ። በሁለቱ መካከል፣ መቆረጡና መሞላቱ በተገናኙበት መስመር ላይ፣ ድንጋዮቹ ጥርሳቸውን ገለጡ። የአባቴ የዶማ ድንበር ከሠላሳ ዓመት በኋላ በኮብልስቶኑ ላይ ተጽፎ ወጣ።

አማርኛችን ይገርመኛል። ትዳሩ ተደላደለ፣ ኑሮው ተደላደለ፣ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ እንላለን። ቃሉ ከዚሁ መሬት ከመደልደል ጋር አንድ ሥር አለው። ለሰው ኑሮ ስንመኘው የምንውለውን ነገር ለመሬቱ ነፈግነው። ነፈግሁት ማለት ይሻላል።

የመጀመሪያው ዓመት ጥገናዬን ልንገራችሁ፤ ከበደሉ ጥገናው የባሰ ነውና። መስከረም 2012 ላይ የሰመጠውን አስነቀልኩ፣ አሸዋ አስጨመርኩ፣ መልሼ አስነጠፍኩ። ደረጃው እኩል ሆነ። ደስ አለኝ። አሸዋውን የዋጠው ጉሮሮ ግን እንደተከፈተ ነው። በዚያ ዓመት መጋቢት ላይ የኮሮና ወሬ መጣ፤ እንግዳ ተቆረጠ። አራቱ ክፍሎች ባዶ ቀሩ። ሐምሌ ሲመጣ ኩሬዋ ከነስሟ ተመለሰች።

አጎቴ አንድ ቀን በዚያ ክረምት መጡ። ካፖርታቸውን ደርበው፣ በርኖሳቸው እየተንጠባጠበ፣ በሩ ላይ ቆመው ኩሬዋን አዩአት። «ብዬህ ነበር» እስኪሉኝ ጠበቅሁ። ቢሉኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ መልሼ እቆጣ ነበር፣ ነገሩ ክርክር ይሆን ነበር። አላሉም። ጎንበስ ብለው በሲሚንቶ ያስገጠርኳትን የጌጥ ጠርዝ በዘንጋቸው ጫፍ ፈልፍለው ፈልፍለው አንዲት ድንጋይ አወጡ። ውሃው በቀዳዳው ሿ ብሎ ወጣ። ግማሹ። ሌላው ግማሽ ከቀዳዳው ዝቅ ብሎ ነበር የተኛው። «ይህን ያህልስ ቀነሰ እንግዲህ» አሉና ቡና ሊጠጡ ገቡ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከእጄ ወጣ። ሐምሌ 29 ቀን 2013 የሕወሓት ኃይሎች ከተማዋን ያዙ፤ መብራት የለም፣ ባንክ የለም፣ መድኃኒት የለም። እስከ ታኅሣሥ 2014 ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ ተለዋወጠች። ስለ ኮብልስቶን የሚያስብ ሰው አልነበረም፤ እኔም አላሰብኩም። አጎቴ በዚያው ጥር ዐረፉ። የስኳር ሕመም ነበረባቸው። ቀብራቸው ላይ መቃብሩን የቆፈሩት የሠፈር ልጆች ከታች ውሃ አገኙና ጭቃ ሲዝቁ ቆይተው፣ አንዱ «እሳቸው ቢኖሩ መውጫውን ያሳዩን ነበር» ሲል ሰማሁት። ከሰው መሀል ወጥቼ ዋርካው ሥር ቆምኩ።

ከጦርነቱ በኋላም ሰላሙ አልረጋም፤ እንግዳውም እንደ ድሮው አልተመለሰም። ያን ጊዜ ኪሴ የነበረው ገንዘብ ዛሬ የገረጋንቲውን ማጓጓዣ አይሸፍንም። ኮምፓክተር ያለው ሰው አላውቅም። አንጣፊዎቹ ተበትነዋል፤ ዲግሪ የነበረው አዲስ አበባ ነው አሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ አሁን ስለ ድልዳል ከእኔ በላይ የሚናገር የለም።

የማዕድ ቤቱ ማዕዘን የተናደው በነሐሴ 2015 ነው። ሌሊት ነው፤ ድምፁ እንኳ ብዙ አልነበረም፣ ጆንያ እህል ከትከሻ እንደሚወርድ ያለ ነበር። ከሥሩ ሲረጥብ፣ ጭቃው ሲላቀቅ፣ መሠረቱ ወደ ኩሬዋ ሲያዘነብል ከርሞ አንድ ሌሊት ጨረሰ። ሰው አልተጎዳም። ድንጋዩ ያረፈው ምጣዱ ላይ ነው። ምጣዱ ከአያቴ ለእናቴ የደረሰ ነው፤ ስንት ጊዜ ቀብታ በጎመን ዘር ያሟሸችው፣ እንጀራው ዓይን በዓይን የሚሆንበት። ጠዋት ስባሪውን ለቅማ ጭኗ ላይ አድርጋ ስትገጣጥም አገኘኋት፤ እንደማይጋጠም እያወቀች። «ወንድሜ መች አጥቶት» አለች። ሌላ አልተናገረችም። ከዚያ ጀምሮ ሊጧን ተሸክማ ጎረቤት ቤት ትጋግራለች። የሰባ ዓመት ሴት በአቀበቱ ላይ ሊጥ ተሸክማ ስትሄድ፣ በክረምት ደግሞ ኩሬዋን ለመሸሽ በግድግዳው ጥግ ተለጥፋ ስታልፍ አያለሁ። ቤተ ማርያም ግቢ ውሃ ጠብ ማድረጉን ትቻለሁ። አንዳንድ ቆየት ያሉ እንግዶች ያስታውሱኛል፤ «ያቺን ጠብታ አታሳየንም?» ይሉኛል። ውሃዬ አልቋል እላለሁ።

ባለፈው መስከረም፣ ዝናቡ እንዳቆመ፣ የአጎቴን ቱቦ ከምስማሩ አወረድኳት። ውሃ ልሞላባት ስል ሦስት ቦታ ተሰንጥቃ አገኘኋት፤ ፀሐይ በልቷታል፣ ውሃ አትይዝም። መልሼ ሰቀልኳት። የከሰሉ መስመር ግን ከተናደው ማዕዘን በተረፈው ግድግዳ ላይ እስከ ዛሬ አለ፤ እናቴ ግድግዳውን በኖራ ስትቀባ በዚያ በኩል ሁልጊዜ ዘላው ታልፋለች። ከመስመሩ ሥር በአጎቴ እጅ 62 ይላል። ድንጋዩ ሊያርፍበት የሚገባው ቦታ ነው። ሜትሩን ዘርግቼ ኩሬዋ ከምትተኛበት ድንጋይ እስከ መስመሩ ለካሁ። 79 ነው።

እናቴ ከበሩ ሊጧን ይዛ ቆማ ታየኝ ነበር። «ስንት ሆነ?» አለችኝ።

ነገርኳት።

«አምና 76 አላልከኝም?» አለች።